የካፖርቱ ቁልፍ በየት በኩል ነው?

እትዬ መጀመሪያ ምን እንደሚታየኝ እንድነግራቸው ያዘዙኝ ፎቶ ላይ ያሉት ሰዎች የሚጸልዩ መስለውኝ ነበር።

ኮሪደሩ ግድግዳ ላይ ከተሰቀሉት ፎቶዎች አንዱን አውርጄ መስኮቱ አጠገብ ይዤው ቆሜያለሁ። ጠባብና ረጅም ነገር ላይ ወንዶች በሁለት ረድፍ ፊት ለፊት ቆመዋል። በመሀላቸው ከጫፍ እስከ ጫፍ የተዘረጋ ዘንግ አለ። ሁሉም በሁለት እጃቸው ጨብጠውታል፤ ሁሉም ወደ አንድ ጎን ዘመም ብለዋል። ዙሪያው ነጭ ነው።

«ምን ይታይሻል?»

«ሰዎች ቆመው ይጸልያሉ።»

እትዬ ትንሽ አሰቡና «የሰርጋችንን ነው እንዴ ያወረድሽው? እኔ ያልኩሽ የጀልባዋን ነው» አሉኝ።

«ጀልባ ላይ መሰለኝ የቆሙት።»

«ጀልባ ላይ ምን ያጸልያቸዋል?»

እሱን እኔም አላውቅም ነበር።

እትዬ የምላቸው አሜሪካ አሌክሳንድሪያ ውስጥ፣ ከፖቶማክ ወንዝ ብዙም በማይርቅ ጠባብ የጡብ ቤት የሚኖሩ አሜሪካዊት ናቸው። እኔ የሆም ኬር ሠራተኛቸው ነኝ። ከሲልቨር ስፕሪንግ በጠዋት ተነስቼ፣ ቤልትዌይ የሚሉትን የቀለበት መንገድ ዞሬ እደርስና ቁርሳቸውን፣ መድኃኒታቸውን፣ ገላቸውን አይቼ ከሰዓት በኋላ እመለሳለሁ። በእንግሊዝኛ የምጠራቸው በስማቸው ነው፤ እንደዚያ ጥሪኝ ብለው ያዘዙኝ ራሳቸው ናቸው። እናቴን የሚያክሉ ሴትዮ በባዶ ስማቸው መጥራት ግን እስከ ዛሬ ስለሚከብደኝ በሆዴ እትዬ እላቸዋለሁ። እዚህም እንደዚያው ልበላቸው።

ዕድሜያቸውን ሙሉ ሃይስኩል ውስጥ ልብስ ስፌት አስተምረዋል። አሁን የዓይናቸው መሀል ሄዷል። ዳር ዳሩ ይታያቸዋል፣ መሀሉ ጭጋግ ነው። ለሳቸው ሰው ማለት ጆሮና ትከሻ ያለው፣ ፊት የሌለው ነገር ነው። እኔን የሚለዩኝ በድምፄና በጫማዬ ኮቴ ነው።

ባለቤታቸው እኔ ከመቀጠሬ በፊት ነው የሞቱት። ከሳቸው የቀረው ትልቁ ነገር አንድ ካርቶን አሮጌ ፎቶ ነበር፤ ሁሉም ስለ አንድ ጉዳይ፤ በካናል፣ ተቆፍሮ በተሠራ የውሃ መንገድ፣ ላይ በረዶ ስለሚሰብሩ ጀልባዎች። የአካባቢ ታሪክ የሚሰበስብ አንድ አነስተኛ ሙዚየም ፎቶዎቹን ሊወስድ ፈቃደኛ ሆኗል፤ ግን የትኛው ጀልባ እንደሆነና የት እንደተነሳ ቢታወቅ ጥሩ ነው ተብሏል። ፎቶዎቹ ጀርባቸው ላይ ምንም አልተጻፈም። ባልየው ሁሉንም በጭንቅላታቸው ነበር የያዙት።

«ስለነዚህ ጀልባዎች ቁርስም እራትም ላይ ሲነግረኝ ነው የኖረው» አሉኝ እትዬ። «ግማሹን አልሰማሁትም፤ ግማሹን ግን ሰምቻለሁ። አንቺ የምታዪውን ንገሪኝ፣ እኔ እለየዋለሁ።»

እንዲህ ነው የጀመርነው። ከምሳ በኋላ እሳቸው ሶፋው ላይ ይቀመጣሉ፣ እኔ ፎቶውን ብርሃን ላይ ይዤ አወራለሁ። ሥራው ቀላል ይመስላል። ግን እኔ የማየውን አላውቀውም፣ እሳቸው የሚያውቁትን አያዩትም፤ በዚያ ላይ በመሀላችን ያለው የኔ እንግሊዝኛ ነው።

ለምሳሌ «ሎክ» ይሉኛል። «ሎኩ ይታይሻል?» እኔ የማውቀው ሎክ ቁልፍ ነው፤ በር ላይ የሚንጠለጠለው። ፎቶውን አገላብጬ ቁልፍ ፈልጌ «አይታየኝም» እላለሁ። «የሎክ ጠባቂው ቤትስ?» ሲሉኝ ቁልፍ የሚጠብቅ ሰው ምን ዓይነት ሥራ ነው ብዬ ገረመኝ። ለካ ሎክ የሚሉት ውሃው ላይ በድንጋይ የተሠራ ክፍል ነው፤ ከፊትና ከኋላ በር አለው፤ ጀልባዋ ትገባበታለች፣ ውሃ ሲሞላ ከፍ፣ ሲለቀቅ ዝቅ ትላለች። በሩን የሚከፍትና የሚዘጋው ሰው እዚያው አጠገቡ ቤት ይሰጠዋል። ይህንን በቡና ስኒና በስኳር ማስቀመጫ ጠረጴዛ ላይ እያሳዩ እስኪያስረዱኝ ድረስ ብዙ ፎቶ «ቁልፍ የለበትም» እያልኩ አሳልፌያለሁ። ሁሉንም እንደገና ማየት ነበረብን።

ጀልባዎቹንም ቀስ እያልኩ ነው የተረዳሁት። ድሮ በፖቶማክ ወንዝ ዳር በተቆፈረው ካናል ከተራራው ድረስ ከሰል በጀልባ ይመጣ ነበር፤ ጀልባዎቹን ከዳር ሆነው የሚጎትቱት በቅሎዎች ናቸው። ክረምት ሲሆን ውሃው በረዶ ሆኖ ይረጋና ጀልባዎቹ ባሉበት ይቀራሉ። ያኔ ፊቷ በብረት የተለበጠ ጀልባ ብዙ በቅሎ ይጠመድላትና በረዶው ላይ ትወጣለች፣ በክብደቷ ትሰብረዋለች። አንዳንዷ ላይ ደግሞ ሰዎች ይቆሙና ወዲህና ወዲያ ያወዛውዟታል፤ ጎንና ጎኑም እንዲሰበር። ሲጸልዩ ያየኋቸው ሰዎች ጀልባ እያወዛወዙ ነበር።

ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ስነግረው እሱም ግራ ተጋባ።

«በረዶ የሚሰብር ጀልባ?»

«አዎ።»

«ጨው አይበትኑበትም ነበር?»

«ውሃ ላይ ነው እኮ።»

«ከሰማይ የሚወርደው በረዶ አይደለም እንዴ?»

«አይደለም፣ የረጋው። ውሃው ራሱ በረዶ ሆኖ።»

በኛ ቋንቋ የሚዘንበውም፣ መንገድ የሚዘጋውም፣ ፍሪጅ ውስጥ ያለውም በረዶ ነው፤ እኔ ስለ አንዱ ሳወራ እሱ ስለሌላው እየሰማ ለብዙ ጊዜ ሳንግባባ ቆየን።

ከፎቶዎቹ ሁሉ እትዬ እርግጠኛ የሆኑበት አንድ ነበር። ሰፊ ጀልባ ናት፣ የብረት ቁራጭ ተከምሮባታል፤ ሁለት ካፖርት የለበሱ ሰዎች ላይዋ ቆመዋል። ከፊቷ በቅሎዎች ተሰልፈዋል። አጠገቧ የድንጋይ ሎክ አለ፤ ከሎኩ በስተቀኝ ነጭ ቤት፣ በስተግራ ደን የለበሰ ኮረብታ።

«ጭስ ማውጫው የቤቱ መሀል ላይ ነው?»

«መሀል ላይ ነው።»

«በሩ ወደኛ ነው የዞረው? ከፊቱ ደረጃ አለ?»

«አለ።»

እጃቸውን አጨበጨቡ። ካናሉ ከሚጀምርበት ከጆርጅታውን ወደ ላይ ሲኬድ ያለ ሎክ ነው አሉኝ፤ ገና ሳይጋቡ ጀምሮ ባልየው ሳንድዊች አስይዘው እዚያ ነበር የሚወስዷቸው። ቤቱ ዛሬም ቆሟል። «ሄደሽ እይልኝ፤ እዚያው ቆመሽ ፎቶ አንሺው። ለሙዚየሙ ሰውዬ አሮጌውንና አዲሱን ጎን ለጎን እሰጠዋለሁ።»

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ከባለቤቴ ጋር ሄድን። ነጠላዬ ላይ ወፍራም ጃኬት ደርቤያለሁ። ሰው ይሮጣል፣ ብስክሌት ይነዳል፤ እኛ የአሮጌውን ፎቶ ኮፒ ይዘን ሎኩ ጫፍ ላይ ቆምን። ቤቱ አለ፤ ነጭ ነው፤ ጭስ ማውጫው መሀል ላይ ነው፤ በሩም ደረጃውም እንዳሉት ነው። ግን ቤቱ በስተግራ ነው። ኮረብታው በስተቀኝ።

«ወረቀቱን ዘቅዝቀሽ ይዘሽው ነው» አለኝ ባለቤቴ።

«በቅሎዎቹ እግራቸው ወደ ታች ነው፤ አልዘቀዘቅኩትም።»

«እንግዲያው ከወዲያ በኩል ነው የተነሳው።»

በሎኩ በር ላይ ተሻግረን ከወዲያ በኩል ቆምን። አሁን ቤቱ ወደ ቀኝ መጣ፤ በሩ ግን ጠፋ፤ የሚታየው የጀርባው ግድግዳ ሆነ። ተመለስን። ትንሽ ራቅ ብለን አየን፣ ቀረብ ብለን አየን። አንድ ጊዜ በሩ አለ፣ ቤቱ ግን በግራ ነው፤ አንድ ጊዜ ቤቱ በቀኝ ነው፣ በሩ ግን የለም።

ባለቤቴ እጁን ኪሱ ከትቶ ብዙ ካሰበ በኋላ «ቤቱን አንስተው ወዲያ ማዶ አዛውረውት ይሆናል» አለ። «እነዚህ ሰዎች ቤት በመኪና ጭነው ሲሄዱ አይቻለሁ።»

«ኮረብታውንስ?»

ኮፒውን ከእጄ ወስዶ አጣጥፎ ኪሱ ከተተው።

ሰኞ ለእትዬ ነገርኳቸው። ይናደዳሉ ብዬ ነበር፤ አልተናደዱም። የሶፋውን ጨርቅ በጣታቸው አሻሹ። ከዚያ ቀስ ብለው «እንግዲያው ሌላ ቦታ ነው። እርግጠኛ ነበርኩ» አሉ።

«እኔ አሳስቼ ነግሬዎት ይሆናል።»

«አንቺ ቀኝና ግራሽን ታውቂያለሽ።» ፊታቸውን ወደኔ አዞሩ፤ ሲያዩኝ እንደልማዳቸው ከጆሮዬ አጠገብ ነው የሚያዩት። «ዓይኔ መሄዱን ተቀብያለሁ። ጭንቅላቴም እየሄደ ከሆነ ግን እንድትደብቂኝ አልፈልግም።»

እሳቸው ማለዳ መድኃኒታቸውን የቱን እንደዋጡ ያውቃሉ፣ የእህታቸውን ልጅ ልደት ያውቃሉ፤ ጭንቅላታቸው ደህና ነው ብዬ አምናለሁ። ግን ደግሞ ያ ቤት በስተግራ ነው። በዓይኔ አይቼዋለሁ። ምናልባት እውነትም ሎኮቹ ሁሉ ተመሳሳይ ሆነው ባልየው ስለ አንዱ ያወሩትን እሳቸው ከሌላው ጋር ቀላቅለውት ይሆናል። ምናልባት እኔ ነኝ ቀኝ ስል ግራ ያልኩት። ቤልትዌዩ ላይ እየነዳሁ ቀኝ እጄን አንዴ አየዋለሁ፣ ግራዬን አንዴ አየዋለሁ።

ካርቶኑ ተከድኖ ሰነበተ። እትዬ ከምሳ በኋላ ሬዲዮ ማዳመጥ ጀመሩ። እኔም አላነሳሁባቸውም።

አንድ ዝናባማ ከሰዓት ሬዲዮውን ራሳቸው አጠፉት። «ያንን የቤቱን ፎቶ አምጪው» አሉኝ። «ቤቱን ተይው። ስለ ሰዎቹ ንገሪኝ። ሰዎቹን አንድም ቀን አልጠየቅኩሽም።»

መስኮቱ ጋ ወሰድኩት። «ሁለት ናቸው። አንዱ ወፍራም ነው። አንደኛዋ ሴት ትመስለኛለች።»

«በረዶ ሰባሪ ላይ ሴት? ፊቷ ምን ይመስላል?»

ቀረብ አድርጌ አየሁ። «ፂም አላት።»

እትዬ ሳቁ። እኔም አፈርኩና ሳቅኩ። «ሴት ያሰኘሽ ታዲያ ምኑ ነው?»

«እንጃ። ካፖርቱ መሰለኝ። የሴት ካፖርት ይመስላል።»

«ምኑ የሴት ይመስላል?»

ለራሴም ግልጽ አልነበረም። ጨርቁ ወፍራም ነው፣ ጭቃ አለበት፣ ቅርፁ የወንድ ነው። አየሁት፣ አየሁት። «ሲቆለፍ የቀኙ በግራው ላይ ተደርቧል» አልኳቸው በመጨረሻ። «እንደኔ ሹራብ።»

«ነይ ወዲህ።»

አጠገባቸው ተቀመጥኩ። እጃቸውን ሰደዱና የሹራቤን ደረት በጣቶቻቸው ዳሰሱ፤ የትኛው ጫፍ ከላይ እንደሆነ፣ ቁልፎቹ በየት በኩል እንደተሰፉ። «እንደዚህ?»

«እንደዚህ።»

«የወፍራሙስ?»

ተነስቼ አየሁ። «የሱም።»

እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። «አንዱ ቢሆን የሚስቱን ካፖርት ለብሶ ወጥቶ ነው እል ነበር። ሁለቱም ግን የሚስታቸውን አይለብሱም። የወንድ ልብስ የግራው ነው ከላይ የሚደረበው። ስንት ተማሪ በዚህ አስለቅሻለሁ!» ቁጭ ብለው እንደ ልጅ እግራቸውን አወዛወዙ። «ፓተርኑን፣ የልኩን ወረቀት፣ በግልባጭ አስቀምጠሽ ጨርቅ ከቆረጥሽ ሁለት ቀኝ እጅጌ ይወጣልሻል። ይሄም እንደዚያ ነው። ያኔ ፎቶ የሚነሳው በፊልም ሳይሆን እንደ መስኮት ባለ ጠፍጣፋ መስታወት ላይ ነበር፤ ሲያትሙት መስታወቱን ገልብጠውታል። መስተዋት ፊት ያዢው!»

ኮሪደሩ ላይ ወዳለው መስተዋት ሮጥኩ። ፎቶውን ደረቴ ላይ አድርጌ መስተዋቱ ውስጥ አየሁት። ቤቱ በስተግራ ነው። ኮረብታው በስተቀኝ። በሩ ወደኔ ዞሯል፣ ደረጃው አለ። ከባለቤቴ ጋር ብርድ እየመታን የቆምንበት ቦታ ራሱ ነው።

«በስተግራ ነው!» ብዬ ጮህኩ፤ በአማርኛ። ከዚያ በእንግሊዝኛ ደገምኩት።

ባለቤቴን ወዲያው ኮል አደረግኩት። «ቦታው ልክ ነበር! በቁልፉ አወቅነው!»

«ሎኩ አሁን ደግሞ ምን ሆነ አሉ?»

«የሎኩ ቁልፍ አይደለም፤ የካፖርቱ!»

«የሎኩ ጠባቂ ካፖርት ቁልፍ?»

ማታ አስረዳሃለሁ ብዬ ዘጋሁት።

በዚያ ሳምንት እትዬ ሌላ ሰው ሆኑ። ካርቶኑ ውስጥ ያለውን ሁሉ መስተዋት ፊት አስይዘውኝ እንደገና አስነገሩኝ። አንዳንዱ ሲገለበጥ ምንም አዲስ ነገር አልሰጠንም፤ አንዳንዱን እኔ ራሴ ገልብጬው ይሁን ሳልገለብጠው እየጠፋኝ፣ የበቅሎዎቹን አቅጣጫ እየቆጠርኩ ተምታታብኝ። ግን ሰውዬው ከሙዚየሙ ሲመጣ የቤቱን ፎቶ በኩራት ሰጡት። ሰውዬው ወጣት ነው፣ ትሁት ነው፤ ካፖርቶቹን በማጉያ መስታወት አይቶ «ልክ ነዎት» አላቸው፣ እትዬም ደረታቸውን ነፉ። ጀልባዋም ብረት ጭና በረዶ የምትሰብር የካናሉ ጀልባ መሆኗን አልተጠራጠረም።

ከዚያ የኮሪደሩን ፎቶ እንዲያይ አስወረዱኝ፤ እኔ ጸሎት ያልኩትን።

«ይሄን አልሰጥህም» አሉት። «ግን እየው። ከፊት ጀምሮ ሦስተኛው የባሌ አያት ነው። እዚሁ ካናል ላይ በረዶ ሲሰብር ነው።»

ሰውዬው ረጅም ጊዜ አየው። ማጉያውን ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጥ እትዬ ሰሙት። «ምነው?» አሉ።

«ዘንጉ ነው» አለ። «ሰዎች ዘንግ ይዘው የሚያወዛውዟት እንዲህ ያለች ጠባብ ጀልባ እኔ ያየሁት በእንግሊዝ አገር ፎቶዎች ላይ ነው። እዚህ አልነበረችም ብዬ መማል አልችልም። ባለቤትዎ ግን ከእንግሊዝም ፎቶ ይገዙ ነበር?»

«ከየትም ይገዛ ነበር» አሉ እትዬ፤ ድምፃቸው ወርዷል። ወደኔ ዞሩ። «ገልብጪው እስቲ።»

መስተዋቱ ፊት ያዝኩት። ሰዎቹ ወደ ሌላው ጎን ዘመሙ እንጂ ሌላ ምንም አልተለወጠም። ካፖርታቸው ሳይገለበጥ ነው ትክክል የሚሆነው። ሦስተኛው ሰው ፂሙ ሰፊ ነው፣ ኮፍያው ግንባሩን ሸፍኖታል። ከባልየው የሰርግ ፎቶ ጋር አስተያየሁት፤ አገጫቸው ይመሳሰላል አልኩ፤ እንደገና ሳየው አይመሳሰልም።

ሰውዬው ከሄደ በኋላ እትዬ ፎቶውን ጭናቸው ላይ አድርገው ቆዩ።

«በየማለዳው ደህና አደርክ የምለው ሰውዬ ታዲያ ማነው?» አሉ።

«ያው እሳቸው ሊሆኑም ይችላሉ።»

«ሊሆኑም ይችላሉ። ባሌ ዋሽቶኝ ይሆን? ወይስ እሱንም አያቱ ዋሽተውት? ወይስ እኔ ነኝ ስለ ሌላ ፎቶ የነገረኝን በዚህ ላይ ያሳረፍኩት?» «መልሰሽ ስቀይው።»

ሰቀልኩት። በማግስቱ ጠዋት መራመጃ ዎከራቸውን እየገፉ ሲያልፉ አጠገቡ ቆም አሉ። ደህና አደርክ ይበሉ አይበሉ ከኩሽና ሆኜ አልሰማሁም።

ጥር መጨረሻ ላይ ብርዱ በረታና ካናሉ ረግቷል ተባለ። እትዬ ውሰጂኝ አሉኝ። እንዳይወድቁ ፈርቼ ለእህታቸው ልጅ ደወልኩ፤ «ካሉማ ይሂዱ፣ ብቻ በደንብ አልብሻቸው» አለችኝ። ካፖርታቸውን እኔ ቆለፍኩላቸው፤ እሳቸው የቆለፍኩትን በጣታቸው አረጋገጡ።

ሎኩ ጋ ስንደርስ ሰው አልነበረም። ውሃው ግራጫ ሆኖ ረግቷል፤ ቅጠልና ጭራሮ ይዞ ነው የደረቀው። እትዬ ዎከራቸውን ጨብጠው ቤቱ ባለበት በኩል ፊታቸውን አዞሩ፣ መለሱ፣ አዞሩ።

«ቀጥ ብዬ ካየሁት ይጠፋል» አሉ። «ወደ ውሃው ስዞር ደግሞ በጎን ይመጣል። ነጭ ነው። በስተግራ ነው።»

«አዎ፣ በስተግራ።»

«ድንጋይ ወርውሪበት።»

ትንሽ ድንጋይ አንስቼ ወረወርኩ። ይሰብረዋል ብዬ ነበር፤ አልሰበረውም። እየነጠረ ሄደ፤ ከሥሩ ደግሞ ሰምቼው የማላውቀው ድምፅ መጣ፤ ቀጭን፣ የተወጠረ ሽቦ ሲመታ ዓይነት፣ ከዚህ ተነስቶ እስከ ወዲያ የሚሮጥ። ደነገጥኩ። እትዬ ግን አንገታቸውን አዘንብለው ሰሙት።

«አንድ ጊዜ ድገሚው።»

ደገምኩት። በዚህ መሀል ውሻ የያዘ ሰው መጣና ምን እየሠራን እንደሆነ ጠየቀን። እኔ ስለ ጀልባዎቹ ማስረዳት ጀመርኩ፣ እትዬ ስለ ባላቸው፤ ሁለታችን አንድ ላይ። ሰውዬው አንዴ እኔን፣ አንዴ እሳቸውን እያየ ሰማን። ጀልባዋ አሁን የት እንዳለች ጠየቀ። እዚህ የለችም አልነው። ጭንቅላቱን ነቅንቆ፣ መልካም ቀን ብሎን ውሻውን እየጎተተ ሄደ።

«ስንት ጣት ይወፍራል ዛሬ በረዶው?» አሉኝ እትዬ።

«አላውቅም።»

«ሰው ይሸከማል?»

«እሱንም አላውቅም።»

«እኔም አላውቅም» አሉና ወደ መኪናው እንድመልሳቸው ክንዳቸውን ዘረጉልኝ።